ሪፋምፒሲን የነጭ የደም ሴሎችን ፓምፕ ያበዛል? እርስ በርሱ የተጣላ የአንድ ቤተ ሙከራ ውጤት

መነሻው

ይህ የአንድ አነስተኛ የፋርማኮሎጂ ቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው። ሰዎቹንም ተቋሙንም በስም አልጠራም። እኔ የገባሁበት ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ውጤቱን እንዳይላቸው ጠየቁኝ። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ጥያቄና አንድ መለኪያ ይዘው ሁለት ተቃራኒ መልስ አግኝተው ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። ይሄኛው እንዲረሳ አልፈለግኩም።

ጥያቄውን ያመጣው ቲቢና ኤችአይቪ አብረው ያሉባቸውን ታካሚዎች የሚያክም ሐኪም ነው። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ አንቲባዮቲክ የሌሎችን መድኃኒቶች መጠን ከደም ውስጥ እንደሚያወርድ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ በየቀኑ የሚጋፈጠው ነገር ነው። እሱን ያሳሰበው ሌላ ነው። «ደም ውስጥ ያለውን መለካት እችላለሁ» አለ። «ግን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሠራው ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ነው። ሪፋምፒሲን የሊምፎሳይቱንም ፓምፕ ካበዛው፣ ደሙ ውስጥ በቂ እያለ ሴሉ ውስጥ ሊጎድል አይችልም ወይ?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። ለመመለስም ቀላል ይመስላል።

ስለ ፓምፑ ጥቂት

ፓምፑ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኮልቺሲን የተላመዱ የሃምስተር ሴሎች ላይ አገኙት። ኤቢሲቢ1 ከሚባለው ጂን የሚሠራ፣ 1280 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትልቅ ፕሮቲን ነው። የሴሉ ሽፋን ላይ ተቀምጦ የሴሉን ነዳጅ ኤቲፒን እያቃጠለ፣ ሊገባ የሞከረን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል። ያልተጠራ እንግዳ ከደጅ እንደሚመልስ ዘበኛ በሉት። በአንጀት ግድግዳ፣ በጉበት፣ በኩላሊት፣ በአንጎል ደም ሥሮችና በእንግዴ ልጅ ላይ በብዛት አለ። ነጭ የደም ሴሎች ላይም አለ፤ ግን በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። ይህችን «እኩል አይደለም» ያዙልኝ፤ የጉዳዩ ግማሽ እሷ ናት።

ሪፋምፒሲን ደግሞ በሁለት መንገድ ይነካዋል። የመጀመሪያው ዘገምተኛ ነው። መድኃኒቱ ሴል ውስጥ ፒኤክስአር የሚባል ተቀባይ ላይ ይጣበቃል። ይህ ተቀባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የተቀሰቀሰው ተቀባይ ጂኖችን ያነቃል፤ ከነዚህ ውስጥ ኤቢሲቢ1 እና መድኃኒት ፈጪው ኢንዛይም ሲፕ3ኤ4 አሉ። ይህ ቀናት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ሪፋምፒሲን የወሰዱ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥ ፒ-ግላይኮፕሮቲን 3.5 እጥፍ ገደማ መጨመሩን፣ በአፍ የተወሰደ ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒትም ደም ውስጥ መቀነሱን አሳይቷል።

ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው፤ ብዙ ሰውም ይረሳዋል። ሪፋምፒሲን እዚያው ባለበት ሰዓት ራሱ ፓምፑን ያጨናንቃል። መጠኑ ከፍ ሲል ሌላውን መድኃኒት እንዳያወጣ ያግደዋል። ለዚህ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ስለዚህ ያው አንድ መድኃኒት በአንድ በኩል ፓምፕ ያስገነባል፣ በሌላ በኩል የተገነባውን ያፍናል። የትኛውን እንደምታዩ የሚወስነው የምትለኩበት ሰዓት ነው።

በነገራችን ላይ በአይጥ ሞክሮ መገላገል አይቻልም። የአይጥ ፒኤክስአር ለሪፋምፒሲን እምብዛም ምላሽ አይሰጥም። የሰው ሴል የግድ ነው። ቀይ የደም ሴሎችም ለዚህ ጥያቄ አይሆኑም። ኑክሊየስ ስለሌላቸው አዲስ ፓምፕ የማዘዝ አቅም የላቸውም።

ሁለቱ ሙከራዎች

ቡድኑ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሠራ።

አንደኛው በሳህን ላይ ነው። ከለጋሾች ደም ተቀዳ። ጥግግቱ 1.077 በሆነ ፈሳሽ ላይ ተደርቦ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከረከረ፤ ሊምፎሳይቶችና ሞኖሳይቶች ያሉበት ነጣ ያለ ሽፋን ተለየ። ሴሎቹ ለ72 ሰዓት በ10 ማይክሮሞላር ሪፋምፒሲን ውስጥ ተቀመጡ። ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ የተሟሟበትን ዲኤምኤስኦ ብቻ አገኙ።

ሁለተኛው በሰው ላይ ነው። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች፣ አስፈላጊው ፈቃድና ክትትል ተሟልቶ፣ በቀን 600 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን ለሁለት ሳምንት ወሰዱ። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ደም ሰጡ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች አልተካተቱም፤ ሪፋምፒሲን ኪኒኑን ያከሽፈዋል። ማን መድኃኒቱን እንደወሰደ ከለኪው መደበቅ ይቻል ይሆናል፣ ከወሳጁ ግን አይቻልም፤ ሽንት ብርቱካንማ ሲሆን ሁሉም ያውቃል።

መለኪያው በሁለቱም አንድ ነው፤ ሮዳሚን 123። ይህ ቀለም ሴሉ ውስጥ ገብቶ ያበራል፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ደግሞ አውጥቶ ይጥለዋል። ሴሎቹ ቀለሙን ይጠጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቆያሉ። ከዚያ ፍሎው ሳይቶሜትር በ488 ናኖሜትር ሌዘር እያበራ እያንዳንዱ ሴል ምን ያህል ቀለም እንደቀረው ያነባል። የቀረው ብርሃን ካነሰ ፓምፑ በርትቷል ማለት ነው። አጠገቡ ፓምፑን የሚያግደው ቬራፓሚል የተጨመረበት ቱቦ ይኖራል። የሁለቱ ልዩነት የፓምፑ ሥራ ነው።

ችግሩ

ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ፈላ። ሳህኑ ላይ ሪፋምፒሲን ያገኙ ሴሎች ቀለሙን ይዘው ቀሩ፤ ፓምፑ የደከመ መሰለ። በጎ ፈቃደኞቹ ላይ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴሎቹ ቀለሙን ከበፊቱ በተሻለ አወጡ፤ ፓምፑ የበረታ መሰለ።

ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «የሰው ሰውነት ከሳህን ይለያል፣ እውነቱ የበጎ ፈቃደኞቹ ነው» አለ። ሌላው ግማሽ «ሳህኑ ላይ ሁሉንም ነገር የምንቆጣጠረው እኛ ነን፣ እሱን እንመን» አለ። ሁለቱም ወገን ጽሑፍ ፈልጎ አገኘ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የታተሙ ውጤቶችም እርስ በርሳቸው አይስማሙምና።

የኔ ሐሳብ ከሁለቱም ወጣ ያለ ነበር። ማን ልክ ነው ከማለት በፊት፣ እያንዳንዱ ቁጥር ያለ ምንም የፓምፕ ለውጥ ሊመጣ ይችል እንደሆነ እንጠይቅ አልኩ። ሳይታሰብ ሁለቱም ይችሉ ነበር።

ሳህኑ ላይ የተደረገው

መጀመሪያ የታየው የሥራ ቅደም ተከተሉ ነው። ከ72 ሰዓቱ በኋላ ቀለሙ የተጨመረው እዚያው ሪፋምፒሲኑ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አንድ አጭር ሙከራ ተጨመረ። ሪፋምፒሲን አይተው የማያውቁ ሴሎች ተወሰዱ። ቀለሙ ከመግባቱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት መድኃኒቱ ተጨመረባቸው። ያው «ድክመት» ወዲያው ታየ። በደቂቃዎች ውስጥ የፕሮቲን ቁጥር አይቀንስም። የታየው የፓምፑ መታፈን ነው።

ቀጥሎ የመድኃኒቱ መልክ ጉዳይ መጣ። ሪፋምፒሲን ራሱ ቀይ ብርቱካንማ ነው። በ475 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ ይህ ደግሞ ከሌዘሩ ከ488 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መድኃኒቱ የቀለሙን ብርሃን ሊቀማ ይችላል። ልብ በሉ፤ ይህ ስህተት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። መታፈን ብርሃኑን ያበዛል፣ ፓምፑ የደከመ ያስመስላል። ብርሃን መዋጥ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፓምፑ የበረታ ያስመስላል። ሁለቱ አንድ ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ እርስ በርስ ሊጠፋፉ ሁሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ «ለውጥ የለም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው።

ለመለየት ቀለም የጠጡ ሴሎች በረዶ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ቅዝቃዜ ፓምፑ አይሠራም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ያኔ ተጨምሮ ወዲያው ተነበበ። ፓምፕ በሌለበት ብርሃን ከቀነሰ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብርሃን መዋጥ ነው። ትንሽ ቀነሰ። በደንብ ሲታጠብ ጠፋ።

ሦስተኛው ነገር መጠኑ ነው። 10 ማይክሮሞላር ሪፋምፒሲን በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። 600 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው ደም ውስጥ ከሚደርሰው ከፍተኛ መጠን ጋር ይቀራረባል። ይህን አይቶ «ልክ እንደ ሰው ነው» ማለት ያጓጓል። ግን ደም ውስጥ 80 በመቶ ገደማው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው። ሳህኑ ውስጥ ግን ፕሮቲኑን የያዘው የደም ፈሳሽ፣ ሴረም፣ 10 በመቶ ብቻ ነው። ነፃ የሆነው መድኃኒት ሳህኑ ላይ ይበዛል። በዚያ ላይ ሰው ውስጥ መጠኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ሳህኑ ላይ ግን ሴሎቹ ለሦስት ቀን ተዘፍዝፈው ነው የሚቆዩት።

ከዚያ ሙከራው ተደገመ። ከ72 ሰዓት በኋላ ሴሎቹ ታጠቡ፣ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ውስጥ አረፉ፣ እንደገና ታጠቡ፣ ከዚያ ተለኩ። የመጀመሪያው «ድክመት» ውሃ በላው። የቀረው ልዩነት ከለጋሽ ለጋሽ ከሚታየው መለዋወጥ የሚለይ አልነበረም።

በጎ ፈቃደኞቹ ላይ የተደረገው

እዚህ መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ የለም። ሴሎቹ ታጥበዋል። ታዲያ የበረታው ፓምፕ ከየት መጣ?

መልሱ የተገኘው ሴሎቹን በየዓይነታቸው ከለየን በኋላ ነው። የመጀመሪያው ትንተና ሊምፎሳይት የሚባሉትን ሁሉ አንድ ላይ ከምሮ አማካያቸውን ወስዶ ነበር። ሊምፎሳይት ግን አንድ ሴል አይደለም። ኤንኬ የሚባሉት፣ ሲዲ56 የተባለ የሽፋን ምልክት የሚለያቸው ሴሎች፣ ከሁሉም የበረታ ፓምፕ አላቸው። ሲዲ8 ቲ ሴሎች ይከተላሉ። ኤችአይቪ በዋናነት የሚያጠቃቸው ሲዲ4 ቲ ሴሎች ያነሰ አላቸው። ሞኖሳይቶች ላይ በጣም ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ያህል ኤንኬ ሴል ቀለሙን አውጥቶ 20 ቢቀረው፣ ሌላው ሊምፎሳይት 80 ቢቀረው እንበል። ኤንኬዎች 10 በመቶ ከሆኑ አማካዩ 74 ነው። 20 በመቶ ሲሆኑ 68 ይሆናል። አንድም ሴል ላይ አንድም ፓምፕ አልተጨመረም። ቁጥሩ ግን «ፓምፑ በርትቷል» ይላል።

የሆነውም ይኸው ነው። በሁለተኛው የመቅጃ ቀን፣ ከመድኃኒቱ በኋላ በተቀዳው ደም ውስጥ የኤንኬ ድርሻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሪፋምፒሲን ነው ያበዛቸው? አንዲት የቤተ ሙከራ ባልደረባ ደም የሚቀዳበትን ክፍል አሠራር ታውቅ ነበርና እሷ ናት የደረሰችበት። በመጀመሪያው ቀን ሰዎቹ ቁጭ ብለው የስምምነት ቅጽ ያነባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይፈርማሉ። ረጅም ጊዜ አርፈው ነው የሚቀዱት። በሁለተኛው ቀን ቅጽ የለም። እየሮጡ ይገባሉ፣ እጅጌ ይሰበሰባል፣ ይቀዳል፣ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ኤንኬ ሴሎች ደግሞ በእንቅስቃሴና በጭንቀት ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ሥር ግድግዳ ተነቅለው ወደ ደም የሚገቡ ናቸው፤ ሰው ሲያርፍ መልሰው ይቀንሳሉ።

እውነቱን ለመናገር የዚህን ጉዳይ ማብራሪያ ወንበር ላይ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

አሠራሩ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ የመጡት በሁለቱም ቀን ለግማሽ ሰዓት ተቀምጠው፣ በተመሳሳይ የጠዋት ሰዓት ተቀዱ። ሴሎቹም በሲዲ4፣ በሲዲ8ና በሲዲ56 ተለይተው ለየብቻ ተነበቡ። በሲዲ4 እና በሲዲ8 ላይ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ የሚያዝ ልዩነት አልታየም። በኤንኬዎቹ ላይ ጥቂት ሰዎች ላይ ጭማሪ ታየ፣ ሌሎቹ ላይ አልታየም። እኔ ይህን «ጭማሪ አለ» ብዬ አልጽፈውም። «የለም» ብዬም አልዘጋውም።

አንድ ጥርጣሬ ቀረ። ምናልባት ሰዎቹ መድኃኒቱን በትክክል አልወሰዱ ይሆን? ይህን የፈታው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ፕላዝማ ነው። 4-ቤታ-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል የሚባል ንጥረ ነገር ሲፕ3ኤ4 ሲበረታ ደም ውስጥ ይጨምራል። ተለካ፤ በሁሉም ላይ ጨምሯል። ስለዚህ መድኃኒቱ ተውጧል፣ ጉበቱም ሰምቷል። ሊምፎሳይቱ ነው ያልሰማው። ይህ ከባዮሎጂው ጋር ይስማማል። ሊምፎሳይት ውስጥ ያለው ፒኤክስአር በጉበትና በአንጀት ካለው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ያልሠራው

ከጂኑ የሚወጣውን የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ፣ መልዕክተኛ አር-ኤን-ኤውን መለካት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የኤቢሲቢ1 መልዕክት በአንዳንዶቹ ላይ ከፍ አለ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን ግን አልተከተለውም። የመልዕክት መጨመር የፓምፕ መጨመር አይደለም። ከዚህም በላይ አር-ኤን-ኤው የወጣው ከተደባለቁ ሴሎች ነው፤ ያው የድርሻ ችግር እዚህም አለ።

ፕሮቲኑን በፀረ እንግዳ አካል መለካትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ዩአይሲ2 የተባለው ከውጭ በኩል ይጣበቃል። ግን የሚጣበቅበት መጠን ፓምፑ ሥራ ላይ በመሆኑና ባለመሆኑ ይለወጣል። ፓምፑን የሚያስጠምድ መድኃኒት ካለ መጣበቁ ይጨምራል። ስለዚህ ሪፋምፒሲን በቅጡ ካልታጠበ ያልጨመረ ፕሮቲን የጨመረ ይመስላል። ኤምአርኬ16 ከተባለው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ነገሩ ጠራ።

የቀዘቀዙ ናሙናዎችም ከንቱ ሆኑ። በረዶ ውስጥ ከርመው የቀለጡት ሴሎች ቀለም አወጣጣቸው ከትኩሶቹ ጋር ሊነጻጸር አልቻለም፤ የሞቱት በዙ፣ የሞተ ሴል ደግሞ ቀለም እንደፈለገው ያፈሳል። ተጣሉ። ያበሳጫል፣ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ለሐኪሙ የተሰጠው መልስ

መልሱ አጭር ነበር። በዚህ መጠንና በዚህ ጊዜ ሪፋምፒሲን የሲዲ4 ሴሎችን ፓምፕ በሚታይ ደረጃ ሲያበዛ አላየንም። ይህ ግን የሪፋምፒሲንን ጣጣ አያቀልም። ጉበትና አንጀት ላይ የሚያደርገው እንዳለ ነው። ዶልቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ከሪፋምፒሲን ጋር ሲሰጥ 50 ሚሊ ግራሙ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የመድኃኒት መጠን ሲወሰን በሚታወቀው መመሪያና ደም ውስጥ በሚለካው ይወሰን፤ በሊምፎሳይት ቀለም ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ማንም መጠን አይለውጥ።

እሱም «እንግዲያው ሴሉ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ራሱን ለኩልኛ» አለ። ልክ ነው። ፓምፑን ለክቶ መድኃኒቱን ከመገመት፣ ሴሉን ቆጥሮ ውስጡ ያለውን መድኃኒት በማስ ስፔክትሮሜትር መለካት ይሻላል። ውድ ነው፣ አድካሚም ነው። ግን የተጠየቀውን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።

ሌላ ቤተ ሙከራ ሊወስደው የሚችለው

ከሁሉም በፊት፣ አንድን መድኃኒት ስትፈትሹ ልኬቱ በሚካሄድበት ደቂቃ መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን ጻፉ። የደቂቃዎቹን ውጤት ከቀናቱ ውጤት የሚለየው ይህ ነው። ለሪፋምፒሲን ብቻ አይደለም። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክም ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ያፍናል፤ ዲጎክሲን የሚወስዱ ሰዎች ላይ የዲጎክሲን መጠን የሚያሻቅበው በዚህ ነው። መድኃኒት አይቶ የማያውቅ ሴል ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ መጨመር የምትባለው ሙከራ ርካሽ ናት፣ አንድ ከሰዓት ትበቃታለች።

የመድኃኒቱን ቀለም እዩ። አንቲባዮቲኮች መካከል ባለቀለሞች፣ ራሳቸው የሚያበሩም አሉ። ሮዳሚን 123 ደግሞ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው የሚከማቸው። እንደ ሊኔዞሊድ የሚቶኮንድሪያን ፕሮቲን አሠራር የሚነካ አንቲባዮቲክ ከሆነ የምታጠኑት፣ የቀለሙ አገባብ ራሱ ሊዛባ ይችላል። ያን ጊዜ ሌላ ቀለም ምረጡ። ቬራፓሚልም ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ብቻ የሚነካ አይደለም፤ ሁለተኛ አጋጅ ይኑራችሁ።

«የደም ሴሎች» የሚል አምድ ያለበትን ሠንጠረዥ ተጠራጠሩ። የሴሎቹ ድርሻ ከጎኑ ካልተጻፈ ቁጥሩ ስለ ፓምፕ ይናገር ወይስ ስለ ሕዝብ ቆጠራ አይታወቅም። ድርሻውን ለመለካት ሁለት ሦስት ተጨማሪ ምልክቶች ይበቃሉ። ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ሰውየው ተቀምጦ የቆየበት ጊዜም ቅጹ ላይ ቦታ ይኑራቸው።

«ለውጥ የለም» የሚል ውጤት ካገኛችሁ ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ መሥራቱን የሚያሳይ ነገር አብራችሁ አቅርቡ። እዚህ ያን ያደረገው ማንም በቅድሚያ ያላቀደው ፕላዝማ ነው። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ቱቦ አስቀምጡ፤ በሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ከብርሃን ተሸፍኖ።